«እሱ የተማሪው ጥረት ነው»

የአንድ የግል ኮሌጅ ሬጅስትራር ነው፤ ሰውየው ክፉ አልነበረም። ወንበር አምጥቶ አስቀመጠን፣ የታሸገ ውሃም ጋበዘን። ግን የተናገራት አንዲት ነገር ይኸው እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣችም። ጠዋት በሚኒባስ ሐረጎን ስወርድ ትመጣብኛለች። ማታ ፈረቃ ላይ መብራት ጠፍቶ ማሽኑ ሁሉ ዝም ሲልም ትመጣብኛለች። «እሱ የተማሪው ጥረት ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የእህቴ ልጅ በ2016 የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወስዳ አለፈች። በዚያ ዓመት በአገር ደረጃ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ከተፈታኙ 5.4 በመቶው ብቻ ነበር። ጥቅምት 2014 ደሴ በጦርነቱ ስትያዝ አሥረኛ ክፍል የነበረች ልጅ ናት፤ የዚያን ዓመት ነገር ለደሴ ሰው አልነግርም። ውጤቱ የመጣ ቀን እህቴ ቤት ሠርግ ነበር የሚመስለው። ምደባው ሲወጣ ግን ቤቱ ቀዘቀዘ።

አንደኛ ምርጫዋ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ነበር። የደረሳት ሌላ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ጉዳዩ ስለሱ አይደለም። ብቻ ከደሴ ተነስቶ፣ መኪና ቀይሮ፣ መንገድ ላይ አድሮ የሚደረስበት ነው። በዚህ ዘመን እናት ስለ መንገድ ስታስብ ምን ምን እንደሚመጣባት መዘርዘር አያስፈልግም። «ደሴ ሙሉ ኮሌጅ እያለ ልጄን ለመንገድ አልሰጥም፣ ወላሂ አልሰጥም» አለች እህቴ። ጅዳ ያለችው ትልቋ ልጇ ደግሞ በኢሞ ደውላ ነገሩን ቋጨችው። «ክፍያውን እኔ እችላለሁ። እዚያው እናቷ ሥር ትማር።»

እኔ ኮምቦልቻ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ጥገና ክፍል ነው የምሠራው። በዘመድ መሃል «የተማረ» የምባለው እኔ ስለሆንኩ ልጅቷን ይዤ እንድሄድ ታዘዝኩ። ልብ በሉ፣ እንድታመርጥ አይደለም፤ እንድትመዘገብ ነው። ምርጫው አልቋል። ከጅዳ የተላከው ብር በፖስታ ታሽጎ ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ተቀምጧል።

ሦስተኛ ፎቅ

ኮሌጁ ከተማ መሃል አንድ ሕንጻ ላይ ነው። ምድር ቤቱ ሞባይል መሸጫና ጫማ ቤት ነው። ደረጃው ላይ ጋዋን የለበሱ ልጆች ቆብ ወደ ላይ ሲወረውሩ የሚያሳይ ትልቅ ባነር ተሰቅሏል። ሬጅስትራሩ፣ ቅድም ያልኳችሁ ደግ ሰው፣ የደረሰኝ ጥራዙን ከመሳቢያ አውጥቶ ካርቦኑን አስተካከለ።

«ምን ልትማሪ አሰብሽ እህቴ?»

«ኮምፒዩተር ሳይንስ።»

«ጎበዝ። አሪፍ ዲፓርትመንት ነው፣ ሥራው እንደ ጉድ ነው።» እስክሪብቶውን አነሳ።

«አንድ ነገር ልጠይቅ?» አለች። «ባለፈው ዓመት ከዚህ ዲፓርትመንት ስንት ሰው ኤክዚት ተፈተነ? ስንቱስ አለፈ?» ኤክዚት ያለችው ዲግሪ ለመያዝ የሚታለፈውን የመውጫ ፈተና ነው።

ሰውየው የተመለከተው እሷን አይደለም፣ እኔን ነው። ወይ እኔ እንድመልስለት፣ ወይ እንድቆጣት የጠበቀ ይመስለኛል። ወንበሬ ላይ ተመቻችቼ ተቀመጥኩ። ጥያቄውን ስትጠይቅ እኔም ገና መስማቴ ነበር።

«እሱ የተማሪው ጥረት ነው እህቴ» አላት። «የጣረ ያልፋል።»

«እሺ። የጣሩት ስንት ናቸው?»

ሳቄ መጣ፤ ውሃ ጠጣሁበት። እሷ ግን የምሯን ነው። የኮምፒዩተር ላቡን ማየት እንችል እንደሆነ ጠየቀች። ቁልፉን የያዘው ልጅ ዛሬ የለም ተባለ። ነገ ይመጣ እንደሆነ ጠየቀች። «ተመዝገቡና እየተማራችሁ ታዩታላችሁ» አለ። ወዲያው አስከትሎ ምዝገባው ዓርብ እንደሚዘጋና የቀረው ቦታ ጥቂት እንደሆነ ነገረን። እኔ እንኳ በዕድሜዬ ዓርብ የማይዘጋ ምዝገባ አላውቅም። አባቶች «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚሉት እንዲህ ዓይነቱን ጥድፊያ ነው።

«አጎቴ፣ እንሂድ» ብላ ተነሳች። ፖስታውም ከኪሴ ሳይወጣ ደረጃውን ወረድን።

ጥያቄውን ከየት እንዳመጣችው ታች ስንደርስ ጠየቅኋት። ሰፈራችን ውስጥ አንድ ልጅ አለ። አራት ዓመት ከፍሎ ተምሯል፣ ኮርሶቹንም ሁሉ ጨርሷል። ኤክዚቱን ግን አላለፈም። ኤክዚት ካላለፉ ደግሞ ቴምፖ (ጊዜያዊ ዲግሪ) የለም፣ ያለ ቴምፖ ሥራ ማመልከት የለም። አሁን ፒያሳ የስልክ ከቨር ይሸጣል። እሷም ከቨር ልትገዛ ሄዳ ነው ያወሩት። «መጀመሪያ ብጠይቅ ኖሮ» አላት አሉ። በቃ፣ ከዚህ ሌላ አልነገራትም። ባለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል የሚለውን ተረት ስንት ዓመት ሰምቻለሁ፤ ከከቨር ሻጭ አንደበት ሲወጣ ግን ሌላ ክብደት አለው።

ያለፈ የማን ነው፣ የወደቀ የማን?

ያቺ መልስ ለምን እንደቆረቆረችኝ መጀመሪያ አልገባኝም። ምክንያቱም እውነት ናት። ግቢ ገብቶ ያየ ሰው ሁሉ ያውቃታል። እኔን ማንም አዝሎ አላሻገረኝም። አምፊ ቲያትር ውስጥ ከኋላ ተቀምጬ፣ የሌክቸረሩን ድምፅ ግማሹን ሰምቼ ግማሹን ገምቼ፣ ሌሊት ስፔስ (ማጥኛ ክፍል) ውስጥ ካልገባኝ ሃንድአውት ጋር ስታገል ነው የጨረስኩት። ያለ ጥረት ማን አለፈ?

ቆይቶ ግን ያ ባነር ትዝ አለኝ። ባነሩ ላይ ያሉት ልጆች ያለፉት ናቸው። ከላያቸው በትልቁ የተጻፈው ግን የኮሌጁ ስም ነው። ተማሪው ሲያልፍ ድሉ የኮሌጁ ነው። ሲወድቅ ጥረቱ የተማሪው ነው። ይሄ ሒሳብ ነው አልዋጥልህ ያለኝ። ገበያ ወጥተን በሬ ስንገዛ እንኳ አፉን ከፍተን ጥርሱን እናያለን። የአራት ዓመት ዕድሜና የእህትን የጅዳ ላብ ስንከፍል ግን «አሳየኝ» ማለት እናፍራለን።

ኤክዚት እንደ መጣ ሰሞን የወጣውን ቁጥር ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። በ2015 ክረምት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ ከመንግሥት ተቋማት ከተፈተኑት 62.37 በመቶው አለፈ፤ ከግል ተቋማት 17.2 በመቶው። ያኔ ኮምቦልቻ ሻይ ቤት ውስጥ «የግል ኮሌጅ አለቀለት» ያላለ አልነበረም። እኔ እንደዚያ አላነበውም። ግል የሚማረው ብዙው ሰው ቀን ሠርቶ ማታ የሚማር ነው፣ ልጅ አሳዳጊ ነው፣ ከትምህርት ከራቀ ዓመታት የተቆጠሩ ነው። ደግሞ አማካይ ቁጥር ስለ አንድ ኮሌጅ፣ ስለ አንድ ዲፓርትመንት ምንም አይነግርም። በዚያው 17.2 ውስጥ ተማሪውን በሙሉ ያሳለፈም፣ አንድም ያላሳለፈም ክፍል ሊኖር ይችላል። ስለዚህ የሚያዋጣው «ግል ይሻላል ወይስ መንግሥት?» ብሎ መከራከር አይደለም። ቤቱ ድረስ ሄዶ «የእናንተስ ስንት ነው?» ማለት ነው።

ፈቃዱም እንደዚሁ ነው። ብዙ ሰው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ወረቀት ካየ «ዕውቅና አለው» ብሎ ይወጣል። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ የሚሰጠው ግን ለኮሌጁ ስም በጅምላ አይደለም። ለየፕሮግራሙ፣ ለየካምፓሱ፣ ለመደበኛውና ለርቀቱ ለየብቻ ነው። አዲስ አበባ ያለው ካምፓስ ለአካውንቲንግ የተሰጠው ፈቃድ ደሴ ላይ ለሚሰጠው ኮምፒዩተር ሳይንስ አይሠራም። ወረቀቱ ላይ የፕሮግራሙ ስም፣ የከተማው ስም፣ የማብቂያው ቀን አለ። ተጠግቶ ማንበብ ነው።

ስድስቱ አይሠሩም

በማግሥቱ ሌላ ኮሌጅ ሄድን። የተቀበለን ራሱ የዲፓርትመንት ኃላፊው ነው። ወጣት ነው፣ ሸሚዙ ላይ የማርከር ቀለም አለ። ልጅቷ ያቺኑ ጥያቄ ደገመችለት።

«ከግማሽ በላይ ወድቆብናል» አለ፣ ዓይኑን ሳያሽ። ዳታቤዝና ኔትወርክ ላይ እንደወደቁ፣ ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ቱቶሪያል እንደጀመሩ ነገራት። ላቡን ከፈተልን። ኮምፒዩተሮቹን እየቆጠረ አለፈና ከበሩ ጥግ ወዳሉት በእጁ አሳየ። «እነዚህ ስድስቱ አይሠሩም። አንዱ ፓወር ሰፕላዩ ነው፣ ሌሎቹን ገና አላየናቸውም።» የሙሉ ጊዜ አስተማሪ ስንት እንዳለ ስጠይቀው እሱና ሌላ አንድ ሰው ብቻ እንደሆኑ፣ የቀሩት ከዩኒቨርሲቲ በትርፍ ሰዓት እንደሚመጡ ነገረኝ።

መቼም የሰው ነገር ግራ ነው፤ ይሄኛው ድክመቱን ዘርዝሮ ነገረን፣ እኛ ግን ፖስታውን ለማውጣት የተዘጋጀነው እዚህ ነው። ትላንት የተነገረን ሁሉ ጥሩ ጥሩው ነበር፤ ግን የምንይዘው አልነበረም። እዚህ የተሰበረ ኮምፒዩተር አየን፤ ቢያንስ የሚሠራው ስንት እንደሆነ አወቅን።

ምደባዋ የት እንደሆነ የጠየቃት ከዚያ በኋላ ነው። ነገረችው።

«ታዲያ ለምን አትሄጂም?»

እናቷ መንገዱን እንደፈራች ነገረችው። አልተከራከራትም። «እሱን እናንተ ናችሁ የምታውቁት» አለ። ከዚያ ኮምፒዩተር ሳይንስ ለምን እንደመረጠች ጠየቃት። ሥራ አለው ስለሚባል ነው አለች። ኮድ ጽፋ ታውቅ እንደሆነ ጠየቃት። አታውቅም። «እኛ ጋ ስትመዘገቢ ዲፓርትመንትሽን ይዘሽ ነው። እዚያ ግን ፍሬሽማን፣ ዲፓርትመንት ሳይለይ የሚማሩት የመጀመሪያ ዓመት፣ አለ፤ እያየሽ ታስቢበታለሽ። ካልሆነልሽ ተመለሽ፣ ክፍያው ያው ነው» ብሎ ሳቀ።

ሚኒባስ እስክንይዝ አንድም ቃል አልተናገረችም። እኔም ዝም አልኩ። ሰፈር ስንደርስ «እሄዳለሁ» አለችኝ።

እህቴን ማሳመኑ የእኔ ዕጣ ሆነ። መጀመሪያ የመጣብኝ መልስ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚል ነበር። ቀጥሎ ልቅሶ መጣ። ነገሩን ያበረደው የእኔ ክርክር አይደለም፤ የጅዳዋ ልጅ ናት። ለኮሌጅ የላከችውን ብር አስባ «ለመጀመሪያው መንፈቅ በምትከፍሉት ብር ከኮምቦልቻ እስከ አዲስ አበባ በአውሮፕላን ትሂድ፤ እናቴም እንቅልፍ ታገኛለች» አለች። እውነትም ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ አፍንጫችን ሥር ነው፤ እዚያ የምሠራው እኔ እንኳ አላሰብኩትም ነበር። ከአዲስ አበባ ወዲያ ያለውን ደግሞ ከሌሎች የደሴ ልጆች ጋር ሆና ሄደች።

በመሃል አንድ ነገር

ይህን ሁሉ ስናወራ ሌላ በር እንዳለ አንስቼ ነበር። እዚሁ ደሴ ያለው ወይዘሮ ስኂን ፖሊቴክኒክ። የእህቴን ፊት ብታዩት! «በልጄ ምን አየህባት?» አለችኝ። ወይዘሮ ስኂን እኮ በአባቶቻችን ጊዜ ከወሎ ዳርቻ ሁሉ ጎበዝ እየተለቀመ የሚመጣበት ትምህርት ቤት ነበር። ስሙ ያው ነው፣ ግቢውም ያው ነው። «ቴክኒክና ሙያ» የሚል ሲጨመርበት ጊዜ ግን የወደቀ ሰው መሄጃ መሰለን። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማሽን ሲቆምብኝ የምደውለው ለማን እንደሆነ እህቴ ብታውቅ ደስ ባለኝ። ደረጃ አራት ጨርሶ የብቃት ምዘናውን ላለፈ ልጅ ነው። ዲግሪ ያለን ሰዎች ከሱ ጀርባ ቆመን ባትሪ እናበራለታለን። ለእህቴ ልጅ ይሄኛው አልሆነም፣ እሷም አልፈለገችው። ግን አንድ ቀን ከነጥያቄያችን ገብተን ሳናይ መዝለላችን ደስ አይለኝም።

እጅ የሚያርፍበት

ፋብሪካችን በየዓመቱ ለኢንተርንሺፕ የሚላኩ ልጆችን ይቀበላል። አብዛኞቹ ሲመጡ የሚይዙት አንድ ፎርም ነው፣ የሚፈልጉትም አንድ ፊርማ ነው። ቢሮ ተቀምጠው ስልካቸውን ይነካካሉ፣ ሪፖርቱን ካምና ከመጡት ይገለብጣሉ። አልፈርድባቸውም። ብዙ ጊዜ እኛም ሥራ ስለሚበዛብን «እዚያ ጋ ተቀመጡ» የምንላቸው እኛው ነን።

አንድ ዓመት ግን ሁለት ልጆች መጡ። ከአንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ከአንድ ዲፓርትመንት፣ ከአንድ ዶርም። አንዱ ፊርማውን ይዞ ሄደ። ሌላው የፈትል ክፍል ገብቶ ቆመ። ክፍሉን የማያውቅ ሰው መጀመሪያ የሚገርመው እርጥበቱ ነው። አየሩ ደረቅ ከሆነ የጥጥ ክር ቶሎ ቶሎ ስለሚበጠስ ሆን ተብሎ እንዲረጥብ ይደረጋል። ልጁ መጀመሪያ የጠየቀው ይህንኑ ነበር። «እዚህ ቤት ለምን ይወብቃል?»

አንድ ጋሼ የምንላቸው አንጋፋ ቴክኒሻን አሉን፤ ዘንድሮ ጡረታ ይወጣሉ። ሥራ ሲጀምሩ የያዙት የስምንተኛ ክፍል ካርድ ነው። ማሽኑ እየሠራ መዳፋቸውን ሽፋኑ ላይ ለጥፈው ዓይናቸውን ጨፍነው ይቆማሉ። ልጁ ጠጋ ብሎ «ምን እየሰሙ ነው ጋሼ?» አላቸው። እጁን ይዘው እሳቸው ባስቀመጡበት አስቀመጡለት። «ይሄኛው ኩሽኔታ ደክሟል። ይሞቃል፣ ይንቀጠቀጣል። ያኛውን ንካው እስቲ፤ ልዩነቱ ገባህ?» ገባው። በማግሥቱ ደብተር ይዞ መጣ። በየማሽኑ እየዞረ የትኛው እንደሚሞቅ፣ የትኛው ቺንጋው እንደላላ ይጽፍ ጀመር። ካቻቢቴ ያቀብላቸዋል፣ እሳቸው ያስረዱታል። የኢንተርንሺፕ ጊዜው አልቆ ሲሄድ የጥገና መርሐ ግብር ማሻሻያ ሐሳብ ጽፎ ሰጠን። የመመረቂያ ፕሮጀክቱንም በዚያው ሠራ።

እሱን ሳይ የሬጅስትራሩ ነገር መልሶ መጣብኝ። ለካ ሰውየው ልክ ነበር? ሁለቱ ልጆች አንድ ዓይነት ግቢ፣ አንድ ዓይነት አስተማሪ ነበራቸው። የለያቸው ጥረት ነው። ለብዙ ቀን እዚህ ላይ ቆሜ ነበር።

አሁን የሚመስለኝ እንዲህ ነው። ጥረት ማረፊያ ይፈልጋል። ያ ልጅ እጁን የሚያሳርፍበት ማሽን ባይኖር፣ አጠገቡ «ንካው» የሚል ሰው ባይኖር፣ ያ ሁሉ ጉጉት የት ይደርስ ነበር? ሃንድአውት መሸምደድ ላይ ይቀር ነበር። ጥረቱ የተማሪው ነው፣ አዎ። ማረፊያውን ማዘጋጀት ግን የኮሌጁ ነው፤ የምንከፍለው ለሱ ነው፣ በመንግሥቱም ቢሆን ኮስት ሼሪንግ (የወጪ መጋራት ውል) ላይ የምንፈርመው ለሱ ነው። ኮሌጅ ስንመርጥ መጠየቅ ያለብን «ልጄን ታሳልፏታላችሁ ወይ?» አይደለም። «ልጄ ለመጣር ብትመጣ እዚህ ምን ታገኛለች?» ነው። ለዚህ ደግሞ መልሱ የሚታይ ነገር ነው። ቁልፉ የሚገኝ በር፣ የሚሠራ ኮምፒዩተር፣ ቢሮው ውስጥ የሚገኝ አስተማሪ።

ሳትመዘገብ የገባችበት ክፍል

የእህቴ ልጅ ግቢ ገብታ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንደማንኛውም ፍሬሽ ናት። ምግቡ፣ ወረፋው፣ ናፍቆቱ። በስልክ የምትነግረን ስለ ካፌው ወጥ ብቻ ነበር። በኋላ ጠባይዋ መጣ። ሲኒየሮችን መጠየቅ ጀመረች። ዲፓርትመንት የሚደርሰው በፍሬሽማን ውጤትና በምርጫ እንደሆነ፣ ሰው የሚሻማበት ክፍል ቦታው ውስን እንደሆነ ቶሎ አወቀች። ብዙ ልጅ ይሄ የሚገባው ውጤቱ ከተበላሸ በኋላ ነው። ፍሬሽማንን እንደ ዕረፍት የሚያየው ሰው ብዛቱ! የሚፈልገው ዲፓርትመንት አምልጦት ሦስት ዓመት የማይወደውን ሲማር የኖረ ስንት ሰው አውቃለሁ።

ያስገረመኝ ግን ሌላ ነው። ክፍት ሰዓት ሲኖራት የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ክፍል ገብታ ትቀመጥ ነበር። ማንም አይጠይቃትም፤ ክፍሉ ሰፊ ነው፣ ተማሪው ብዙ ነው። ኮምፒዩተር ሳይንስ ገባች። ስታትስቲክስ ገባች። ባዮሎጂም ገብታ ነበር፣ ከዚያ እንኳ ቶሎ ወጣሁ ብላኛለች። ከዚያ የዲፓርትመንት ኃላፊዎቹ ቢሮ ሄዳ ያቺን ጥያቄዋን ጠየቀች። አንደኛው አስወጣት። ሌላኛው ሻይ ጋበዛት።

ምርጫው ሲመጣ አንደኛ ያደረገችው ስታትስቲክስን ነው፤ ደረሳትም። የሆነ አስተማሪ የደሴን የዝናብ መዝገብ ሰሌዳ ላይ አውጥቶ ሲያሠራ አይታ ነው ልቧ የሄደው። ሰኔ ላይ ይዘንባል አይዘንብም እያለ የሚከራከር ገበሬ አያት ያላት ልጅ ናት፤ እኔ አልገረመኝም። እናቷ ግን ዛሬም አልተቀበለችም። «ስታ… ምንድነው እሱ? ለጎረቤት ምን ብዬ ልንገር?» ትላለች። ሥራውስ? ብላችሁ ብትጠይቁኝ እኔም እርግጠኛ አይደለሁም። ዋስትና ያለው ዲፓርትመንት አሁን የቱ ነው? ጤና የተማሩ ልጆች ሳይቀሩ ቤት ተቀምጠው አይቻለሁ። ቢያንስ ይቺ ልጅ የምትገባበትን ክፍል ገብታ አይታ ነው የገባችው።

ለግል ኮሌጅ ተብሎ ከተላከው ብር ከአውሮፕላኑ የተረፈው ያገለገለ ላፕቶፕ ተገዛበት። ባትሪው ሁለት ሰዓት አይቆይም፤ ቻርጀሩ ከግድግዳ አይነቀልም።

ባለፈው ሳምንት የጅዳዋ ደወለችልኝ። እኔ ስለ ታናሿ ልታወራ መስሎኝ ውጤቷን መዘርዘር ጀመርኩ። አቋረጠችኝ። ኮንትራቷ ሲያልቅ መመለስ እንደምትፈልግ ነገረችኝ። ከአሥረኛ ክፍል ነው አቋርጣ የሄደችው። ሰው ቤት ስትሠራ ስንት ዓመት ልብስ ሰፍታ እንደምትጠግን፣ የአሠሪዋን ልጆች ቀሚስ ሳይቀር እንደሰፋች ያኔ ነው የሰማሁት። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ የሚሰፉ ፋብሪካዎች እንዳሉ ሰምታለች። «ግን ኦፕሬተር ሆኜ መቅረት አልፈልግም አጎቴ፤ ዲዛይኑን፣ ፓተርኑን መማር ነው የምፈልገው» አለችኝ።

ፖሊቴክኒኮቹን፣ የኮምቦልቻውንም የደሴውንም፣ ሄጄ እንድጠይቅላት ነው የፈለገችው። ጥያቄዎቹን ከታናሿ ጋር ሆነው ጽፈው በኢሞ ልከውልኛል። ማሽኖቹ ስንት እንደሆኑና ስንቱ እንደሚሠራ የሚለው ሦስተኛው ላይ ነው። የመጀመሪያው «ማታ ማታ ይሰጣል ወይ?» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ «ዕድሜ ይጠይቃሉ ወይ?» ነው።